ቀማሽ ያጣ ድስት

ይህ ነገር የገጠመኝ በኮሮናው የመጀመሪያ ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ማስታወስ አይወድም። እኔም ባስታውሰው ደስ የማይለኝ ብዙ ነገር አለ። ይህን ግን ሳስብ መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዓይኔ እንባ ያቀራል።

የምኖረው ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ውስጥ ነው። ባለቤቴ ማርቆስ ከከተማው ዳር ዛንድስፕሩት በሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አለው። ከቤት አትውጡ የሚለው ሎክዳውን ሲመጣ ሱቁን ጥሎ መመላለስ ስላልቻለ እዚያው ከዕቃው ጋር ማደር ጀመረ፣ እኔም ፎቅ ላይ ባለው ፍላታችን ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ጀፕስታውን አጠገብ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርኩ፤ እሱም ተዘጋ። በትልልቅ ድስት ለስንት ሰው ስሠራ የኖርኩት ሴትዮ፣ ለራሴ ብቻ በትንሽዬ ድስት ሽሮ ማንተክተክ ሥራዬ ሆነ።

ከእኔ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት ማማ ዶሪን ናቸው። አገራቸው ጃማይካ ነው። በወጣትነታቸው ለንደን ላይ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ስደተኛ አግብተው፣ አገሩ ነጻ ሲወጣ ተከትለውት መጡ። እሱ ከሞተ ቆይቷል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ታንዲ፣ ሥራዋም ኑሮዋም ደርባን ነው።

ስንት ዓመት ፊት ለፊት ስንኖር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ያም ሰላምታ በዙሉ ነው። እሳቸው ጃማይካዊ፣ እኔ ሐበሻ፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ሳውቦና» ተባብለን እንለያያለን። ጆበርግ ላይ በር ሁለት ጊዜ ተቆልፎ፣ በላዩ ደግሞ ብረት ተዘግቶበት ነው የሚኖረው። እኔ በጠዋት እወጣለሁ፣ ደክሞኝ እመለሳለሁ፤ የሰው ቤት የማንኳኳበት ጊዜም ልብም አልነበረኝም።

እሑድ እሑድ ግን ከቤታቸው የሚወጣው የፍየል ካሪ ሽታ ኮሪደሩን ይሞላዋል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ገና ደረጃው ላይ ይቀበለኛል። ጾም ከሆነማ መከራ ነው። የቤቴ በር ሥር ፎጣ እወሽቃለሁ። ማርቆስ የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ፕሮቴስታንት፤ ጾምን እንደኛ አይጾምም። «ሽታ ነው እንዴ የሚያስገድፍሽ?» እያለ ፎጣዋን በእግሩ ገፋ ያደርጋታል።

በዚያ ዓመት ብርዱ ሲጠና ሽታው ጠፋ። ማማ ዶሪን ታመሙ። በሽታው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ያኔ ሌላ በሽታ ያለ አይመስልም ነበር። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በራቸውን ያንኳኳሁት። የምስር ሾርባ በሩ ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ፣ ወደ ቤቴ እሮጣለሁ። እሳቸው በሩን ገርበብ አድርገው ሳህኑን ያስገባሉ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ፣ «እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ልጄ»።

ሳሉም ትኩሳቱም ለቀቃቸው። ተመስገን አልን። ነገር ግን አፍንጫቸውም አፋቸውም ተዘጋ። ምንም አይሸታቸውም፣ ምንም አይጣፍጣቸውም። «ካርቶን እንደማኘክ ነው» ይሉኛል። የሰጠኋቸው ሾርባ ሳይነካ ይመለስ ጀመር። ማስኬን አድርጌ በራቸው ላይ ቆሜ ሳያቸው ቀሚሳቸው የሌላ ሰው ልብስ መስሎ ይታየኛል፤ ትከሻቸው ላይ አልቆም ብሎ ይንሸራተታል።

ታንዲ ስልኬን ከእናቷ ወስዳ በየቀኑ ትደውልልኛለች። ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር መሄድ ተከልክሎ መምጣት አልቻለችም። ሐኪሙ በስልክ፣ በዚህ ሁኔታ ከቀጠሉ ሆስፒታል መግባታቸው ነው ብሏታል። ማማ ዶሪን ደግሞ ከሕንጻችን ሆስፒታል ሄደው ያልተመለሱትን በስም ይቆጥራሉ። «ከገባሁ አልወጣም» አሉ፣ አበቃ።

«እባክሽ፣ አንድ ነገር ትብላልኝ» አለችኝ ታንዲ አንድ ቀን። ድምፅዋ ውስጥ ያለው ፍርሃት ሲገባኝ እኔም ፈራሁ። እናቴ ስትሞት እኔም በሌላ አገር ነበርኩና ሩቅ ሆኖ መስማት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

በነጋታው በራቸው ላይ ቆሜ ጠየቅኳቸው።

«ማማ፣ አፍዎ ቢመለስልዎ መጀመሪያ ምን ይበሉ ነበር?»

አላሰቡም። «የፍየል ካሪ። የሰው አይደለም፣ የራሴን።»

«ታዲያ እንሥራው።»

«በየትኛው ጉልበቴ ልቁም?»

«እኔ እቆማለሁ፣ እርስዎ ተቀምጠው ያዙኛል።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ ጾም ላይ ነኝ አላልሽም? የማይቀምስ ሰው እንዴት አድርጎ ይሠራል?»

ይቺን ሲሉኝ ሙያዬ ተነካ። «ማማ፣ እኛ አገር የፋሲካን ዶሮ ማን ቀምሶ የሚሠራው መሰለዎ? አገር በሙሉ እየጾመ ነው ወጡ የሚሠራው። እኛ በማሽተት ነው የምናውቀው» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ። እውነቴንም ነበር። እናቴ የዶሮ ወጥ ድስት ከፍታ አንዴ ሳብ ካደረገች፣ ጨው ያንሰዋል ወይም ልክ ነው ትላለች፤ ተሳስታ አላየሁም።

«እኔ አልቀምስም፣ አንቺም አትቀምሺም» አሉ ማማ ዶሪን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ሥጋውን ፎርድስበርግ ሄጄ ከሥጋ ቤት ገዛሁ። ከነአጥንቱ፣ በትንንሹ ተከትክቶ፤ አጥንት የሌለው ካሪ ካሪ አይደለም ብለው አስጠንቅቀውኛል። በርበሬውን፣ ያን ክብ የሆነውንና አናት የሚበጥሰውን፣ እኛው መንገድ ላይ ከምትሸጥ ኮንጎአዊት አገኘሁት። አንድ ቅጠል ቀረን። ስሙን በእንግሊዝኛ ሲነግሩኝ አልገባኝም፤ ብልቃጥ ውስጥ የቀረውን ብናኝ ሲያሳዩኝ ግን ጦስኝ ሆኖ አገኘሁት። እኔ ለሻይ የማፈላው፣ ከአገር ቤት የተላከልኝ አለ። ሮጬ አመጣሁላቸው። በጣታቸው ፈተግ አድርገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ጠበቁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

ሥጋውን በሎሚ ሳጥብ አይተው፣ «ይሄን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«እናቴ። ዶሮን እንዲህ ነው የምናጥበው።»

«እኔንም እናቴ ናት።»

በአፍ ባንናገረውም፣ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ጎረቤት ብቻ አልነበርንም።

ማሸቱን ግን አልሰጡኝም። «ቅመሙን የሚያሸው የባለቤቱ እጅ ነው። ሥጋው ከቅመሙ ጋር ያድራል። ነገ ነይ» አሉኝ። የካሪውን ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ጦስኙን፣ ከአገራቸው ያመጡትን ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ጥቁር ፍሬ አጠገባቸው ደርድሬላቸው ወጣሁ። በዚያን ጊዜ ሰው ከሰው ቤት ብዙ አይቆይም ነበር።

በማግስቱ ገብቼ መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ። እሳቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው የወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበር ይዘዋል። እኔ ማስክ አድርጌያለሁ። ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። ላጥኩ፣ ላጥኩ፣ ተራራ አከለ።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አሉ።

«ለወጡ ነዋ።»

«ወጥ የሚባል ነገር የለም! ካሪ ነው። ሁለት ይበቃል።»

ሁለት ሽንኩርት! ለአንድ ድስት ሥጋ! የተማርኩትን ሁሉ እንደ መካድ ሆነብኝ። ቀጥለው ደግሞ ዘይቱን አግዪ፣ የካሪ ዱቄቱን ጨምሪና እስኪጠቁር ቁሚበት አሉኝ።

«ያራል እኮ፣ ማማ።»

«ይረር። ካላረረ ጥሬ ጥሬ ይላል።»

«እኛ ጋ በርበሬ ያሳረረች ሴት ባሏ ወደ እናቷ ይመልሳታል።»

«የኔ ባል ይሄን በልቶ ነው ውቅያኖስ ያሻገረኝ» አሉ።

ዱቄቱ ጠቆር አለ፣ ሥጋው ገባ። ውሃ አታድርጊ፣ በራሱ ውሃ ይብሰል አሉ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ውሃ፣ ከዚያ ድንች፣ ከዚያ በርበሬው ሳይቆረጥ እንዳለ ከላይ ተቀመጠ። «ከፈነዳ አንበላውም፤ ስታማስዪ እንደ እንቁላል ተጠንቀቂለት።» ያ የእሑድ ሽታ፣ ስንት ዓመት በፎጣ ስከላከለው የነበረው፣ ማስኬን አልፎ መጣ። ጎረቤቶች በራቸውን ሲከፍቱ ይሰማኛል። አንዱ ናይጄሪያዊ ከታች ሆኖ፣ «ማማ ዶሪን ተነሡ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። እኔ ሽታው ውስጥ ቆሜ ስደሰት እሳቸው ግን ድስቱን በዓይናቸው ብቻ ይከተሉታል።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። እኛ ጨው የምንጨምረው መጨረሻ ላይ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ነው። ድስቱ ሊወርድ ደርሷል፤ ማማ ዶሪን ስለ ጨው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ከጠዋት ጀምሮ ድስቱ ውስጥ ጨው ሲገባ አላየሁም። በሆዴ፣ ሕመሙ አድክሟቸው ረሱት አልኩ። ረስተዋል ብዬ ላሳፍራቸው አልፈለግኩም። ጀርባዬን ሰጥቻቸው የጨው ዕቃውን አነሣሁ። የምግብ ቤት እጅ አይሰስትም፤ በዚያ እጄ ዘገን አድርጌ በተንኩት። ማስኬን ዝቅ፣ አንዴ ሳብ። «ልክ ነው» አልኩ ለራሴ፣ እንደ እናቴ።

በሩዝ አቀረብኩላቸው። ራቅ ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እጄ ላይ ስልኩ አለ፤ ታንዲ እየጠበቀች ነው።

አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። እንደ ግዴታ አኘኩ፣ ዋጡ። ሌላ ማንኪያ ወሰዱ። መሐል ላይ ማኘክ አቆሙ። ግንባራቸው ተሸበሸበ፣ ከንፈራቸው ተጣመመ። ታነቁ ብዬ ልሮጥ ስል እጃቸውን አነሡብኝ።

«ልጄ።»

«አቤት ማማ።»

«ጨው ጨምረሽበታል?»

«አዎ … የረሱት መስሎኝ …»

«ምን እረሳለሁ! ትናንት ሳሸው ነው ጨው ያደረግኩበት! ይሄ ሰው አይበላውም፣ ጨው በ …»

ቃሉን አልጨረሱትም። ማንኪያውን እንደያዙ እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሁለታችንም እኩል ነው የገባን።

«ጨው በዝቷል» አሉ በለሆሳስ። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው ጮኹ፣ «ጨው በዝቷል! ጨው በዝቷል!»

እያለቀሱ ነው የሚስቁት። እኔም መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስልኩን ከፍቼ ለታንዲ፣ «እናትሽ ጨው በዝቷል አሉ!» ስላት፣ አማርሬ የምናገር መስሏት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ቆይቶ ገባት። እናቷ ስልኩን ተቀብለው ስለ ሐበሻ ሴትና ስለ ጨው ብዙ አወሩላት። ደስ ብሏቸው ነው የሰደቡኝ። እኔም እንደዚያ ደስ ብሎኝ ተሰድቤ አላውቅም።

ድንች ጨመርንበት፣ ውሃ ጨመርንበት፣ በሩዝ ብዛት አሸነፉት። ማርቆስ በስልክ ሲሰማ፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል ነበር፣ አንቺ ለሁለት ሰው የሚሆን አጣፈጥሽው» ብሎ ሲስቅብኝ ሰነበተ። ማማ ዶሪን ከጨው በኋላ ዝንጅብሉን አገኙት፣ ከዚያ በርበሬውን። ሽታው ቆይቶ ነው የመጣው። አንድ ጠዋት በሬን ደብድበው ስከፍት፣ ያን የጦስኝ ቅጠል በጣታቸው ይዘው፣ «ይሄን ነው ለሻይ የምታቃጥዪው? ኃጢአት ነው!» አሉኝ።

«ጾምሽ ሲፈታ እኔ ራሴ ቆሜ እሠራልሻለሁ፤ ያንን ያበላሸሽውን ሳይሆን እውነተኛውን ትበያለሽ» ብለው ቃል ገቡልኝ። ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ግን መንገዱ ተከፈተና ታንዲ በመኪናዋ መጣች። እናቷን ካየች በኋላ ጥላቸው ልትሄድ አልቻለችም፤ ይዛቸው ልትመለስ ሆነ። ሻንጣቸውን ወደ ታች ሳወርድ ማማ ዶሪን መጀመሪያ በክርናቸው ሊሰናበቱኝ ሞከሩ፣ ቀጥሎ ግን ክርኑንም ማስኩንም ረስተው አቀፉኝ። ኮሪደሩ ከዚያ በኋላ ባዶ ሆነብኝ። በጾም ስሸሸው የነበረውን ሽታ በፍስክም ፈልጌ አጣሁት።

ደርባን ሆነው ይደውሉልኝ ነበር። እየሠሩ፣ እየበሉ፣ ወፍረው፣ ዘፈን እየዘፈኑ። እመጣለሁ፣ ትመጪያለሽ ስንባባል አንድ ዓመት አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ኮሮናው ገና ሳይለቀን፣ በእንቅልፋቸው አረፉ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ለቀብር ብዙ ሰው አይፈቀድም ነበርና በስልክ ቆሜ ቀበርኳቸው።

ከወር በላይ ቆይቶ ታንዲ ደወለች።

«እማዬ ካሪውን እንዴት ነበር የምትሠራው?»

«አንቺ ልጇ አይደለሽ እንዴ?»

«ሁልጊዜ ሠርታ ነው የምትጠብቀኝ። አንድም ቀን አጠገቧ ቆሜ አላየሁም። ነገ እማራለሁ እያልኩ። አንቺ ብቻ ነሽ ያየሻት።»

«ታንዲዬ፣ እኔ እኮ ቀምሼው አላውቅም። ልክ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?»

«ልክነቱን እኔ አውቀዋለሁ። አንቺ አሠራሩን ንገሪኝ።»

በአንድ ቅዳሜ፣ ስልኩን ከፊታችን አቁመን፣ እሷ ደርባን፣ እኔ ዮቪል፣ እኩል ድስት ጣድን። ጾም አልነበረም። በዋዜማው ማታ ሥጋውን ከነጨው እንድታሸው ነግሬያት ነበር። ዱቄቱ ሲጠቁር ፈርታ እጇን ስትሰበስብ፣ «ይረር» አልኳት፣ በእናቷ ድምፅ። ከዚያ ቀጠልን።

ሲደርስ ቀመሰች። ከስልኩ ፊት ተነሥታ ሄደች፤ የቤቷ ጣሪያ ብቻ ይታየኛል። የወንበር ድምፅ፣ ከዚያ ለቅሶ። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷን ታጥባለች።

«ያቺው ካሪ ናት?» አልኳት።

«ናት» አለችኝ። «አንቺስ? ብዪ እንጂ።»

በላሁ። ጦስኙን አወቅኩት፣ ያ ጥቁር ፍሬ ከኋላ መጣ፣ በርበሬው ሳይፈነዳ ሙቀቱን ብቻ ሰጥቶታል። እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር ስንት ዓመት ከበሬ ማዶ ሲበስል፣ አንድ እሑድ እንኳ «ምን እየሠሩ ነው፣ ማማ?» ብዬ አለማንኳኳቴ አሁንም ይቆጨኛል። በራቸውን ያንኳኳሁት በሽታ ሲመጣ ነው። እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ ሰው ሁሉ የሚረግመውን ያን ዘመን አንዳንዴ የምናፍቀው ለዚህ ይመስለኛል።

ታንዲ ወዲያ ማዶ ለእናቷ ብላ ሁለተኛ ሳህን ስታወጣ አየኋት። እኛ አገር ሰው ሲሞት ተዝካር ይወጣል፤ ቤተሰብ ደግሶ፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ ስለ ሟቹ ነፍስ ያበላል። ይህንን በእንግሊዝኛ ላስረዳት ሞክሬ አቃተኝና ተውኩት። የማማ ዶሪንን ካሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላሁት በተዝካራቸው ነው።